«አንቲጎኔ»ን ጎጃም ላይ ሆኖ ማጥናት፦ ጭብጡን ከነታሪካዊ ዳራው ለመረዳት የሚያግዝ ዝርዝር መመሪያ

የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት የሶፎክልስ «አንቲጎኔ» ከተጻፈ ከ2,400 ዓመት በላይ ሆኖታል። ታሪኩ የሚያጠነጥነው በአንድ ሬሳ ላይ ነው። ንጉሡ ክሬዎን «አይቀበርም» ይላል። እኅት አንቲጎኔ ደግሞ «ወንድሜን አፈር ሳላለብስ አልቀርም» ትላለች። ጎጃም ላደገ ሰው ይህ ነገር ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። ደጀንም ሆነ ዳንግላ፣ ሞጣም ሆነ ቡሬ፣ የዘመዱን ቀብር የቀረ ሰው ምን እንደሚባል ሁሉም ያውቃል።

ይህ እውቀት ትልቅ ስንቅ ነው። ግን ወጥመድም አለበት። ገና ከመጀመሪያው ገጽ ከአንቲጎኔ ጎን እንቆማለን፤ ክሬዎንን ሳንሰማው እናልፋለን። «እሷ ጻድቅ፣ እሱ አምባገነን» ብለን መጽሐፉን እንዘጋለን። እንዲህ ከሆነ ትራጄዲው ቀርቶ የክፉና የደግ ተረት ብቻ በእጃችን ይቀራል። እዚህ የምዘረዝራቸው እርምጃዎች በሙሉ ወደ አንድ ነገር ይመራሉ፦ ክሬዎንን በሙሉ ጆሮ ሰምቶ ከዚያ መፍረድ።

ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ የምታጠኑ፣ ሁለተኛ ደረጃ የምታስተምሩ፣ ወይም ከጓደኞቻችሁ ጋር ተሰብስባችሁ የምታነቡ ሁሉ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። የምታነቡት ቅጂ ዳር ላይ የመስመር ቁጥር ያለው ቢሆን ይመረጣል። እኔም ቦታዎችን የምጠቁመው በመስመር ቁጥር ነው።

1. መጀመሪያ ያለ ማብራሪያ አንብቡት

መቅድሙን ዝለሉት። ሃንድአውቱንም ለጊዜው አስቀምጡት። ተውኔቱ በግሪክኛው 1,353 መስመር ብቻ ነው፤ በአንድ ምሽት ያልቃል። ሳታቋርጡ አንብቡት። ያልገባችሁ ስም ቢያጋጥማችሁም ምልክት አድርጋችሁ እለፉ።

ስትጨርሱ በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጻፉ። ማን አሳዘናችሁ? ማን አናደዳችሁ? የትኛው ቦታ ላይ «አሁንም ጊዜ አለ፣ ተመለስ» ማለት አማራችሁ? ወረቀቱን አትጣሉት። ጥናቱን ስትጨርሱ መልሳችሁ ምን ያህል እንደተቀየረ ታያላችሁ።

2. የዘር ሐረጉን ሥሩ

ይህ አጭር ሥራ ነው፤ ግን ካልተሠራ ነገሩ ሁሉ ይምታታል። በግሪክ የቴቤስ ከተማ ንጉሥ የነበረው ኤዲፐስ ሳያውቅ አባቱን ገድሎ እናቱን ዮካስታን አግብቷል። ከእሷ አራት ልጆች ወልዷል፦ ኤቴዎክለስ፣ ፖሊኒከስ፣ አንቲጎኔና ኢስሜኔ። ሁለቱ ወንድማማቾች በዙፋን ተጣሉ። ፖሊኒከስ ከአርጎስ ከተማ ጦር ይዞ በገዛ ከተማው ላይ ዘመተ። ሁለቱም በአንድ ቀን ተገዳደሉ። ክሬዎን የዮካስታ ወንድም ነው። ዙፋኑ ለእሱ ደረሰው። ኤቴዎክለስ በክብር እንዲቀበር፣ ፖሊኒከስ ግን ለውሻና ለአሞራ እንዲጣል አዘዘ። የቀበረውም በሞት እንዲቀጣ አወጀ።

በሥዕሉ ላይ ክሬዎንን በቀይ ክበቡት። ለአንቲጎኔ አጎቷ ነው። ልጁ ሄሞን ስላጫት አማቷም ሊሆን ነው። ወላጆቿና ወንድሞቿ ስለሞቱ የቤቱ ኃላፊም እሱ ነው። አሁን አስቡት። ፖሊኒከስን የመቅበር ግዴታ ከማንም በፊት የሚያርፈው በማን ላይ ነው? በቅርቡ ወንድ ዘመድ ላይ፣ ማለትም በራሱ በክሬዎን ላይ ነው። ብዙ ማስታወሻዎች ይህን ሳያነሱ ያልፋሉ። ክሬዎን እንደ ንጉሥ የከለከለው ነገር፣ እንደ አጎት የራሱ ዕዳ ነበር።

3. ተመልካቹ ያየውን እዩ

ታሪካዊ ዳራ ሲባል ብዙዎች የደራሲውን ልደትና ሞት ሸምድደው ያልፋሉ። ሶፎክልስ በ496 ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት አቴንስ አጠገብ ኮሎኖስ ተወልዶ በ406 ሞተ። ከ120 በላይ ተውኔት ጽፎ ሙሉ ሆነው የደረሱን ሰባት ናቸው። ይህን ማወቅ ጥሩ ነው፤ ግን ጭብጡን አይፈታም። ጭብጡን የሚፈታው ሌላ ጥያቄ ነው፦ በ441 ገደማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአክሮፖሊስ ኮረብታ ሥር የተቀመጠው ሕዝብ ይህን ሲያይ በልቡ ምን ነበረ? ከዚህ በታች የማነሳቸው የጥንት ዓመታት በሙሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ናቸው።

አቴንስ በ480 በፋርሶች ተቃጥላ ነበር። አዛውንቶቹ ያን እሳት ያስታውሳሉ። አሁን ግን ከተማዋ ጠግባለች። የባሕር አጋሮቿ ግብር ይከፍሏታል። የኅብረቱ ግምጃ ቤት በ454 ወደ እሷ ተዛውሯል። ከቴአትሩ በላይ፣ ከኮረብታው አናት ላይ፣ በ447 የተጀመረው የፓርተኖን ቤተ መቅደስ እየተሠራ ነው። ሶፎክልስ ራሱ በዚያው ሰሞን ከአቴንስ መሪው ከፔሪክለስ ጋር የጦር አዛዥ ሆኖ ወደ ሳሞስ ደሴት ዘምቷል። ተውኔቱን የጻፈው የመንግሥትን ሸክም ራሱ የተሸከመ ሰው ነው። የክሬዎንን ንግግር ስታነቡ ይህን አትርሱ።

ተውኔቶቹ የሚታዩት ለዲዮኒሶስ አምላክ በሚደረግ የጸደይ በዓል ላይ ነው። ተዋንያኑ ሁሉም ወንዶች ናቸው፤ ጭምብል ያጠልቃሉ። የሚናገሩት ተዋንያን ሦስት ብቻ ናቸው። እየዘፈነ የሚወዛወዘው ኮረስ አሥራ አምስት ሰው አለው። እዚህ ላይ ኮረሱ የቴቤስ ሽማግሌዎች ናቸው። ግድያ በመድረክ ላይ አይታይም፤ መልእክተኛ መጥቶ ይናገራል።

ከበዓሉ ሥርዓት አንዱን ግን ቆም ብላችሁ አስቡት። ተውኔቶቹ ከመጀመራቸው በፊት፣ አባቶቻቸው ለከተማዋ ተዋግተው የሞቱባቸውና በከተማዋ ወጪ ያደጉ ወጣቶች ሙሉ ትጥቅ ለብሰው በሕዝቡ ፊት ይሰለፉ ነበር። በዚህ ላይ አቴንስ በጦርነት የሞቱትን አጥንት ሰብስባ በሕዝብ ሥርዓት ትቀብር ነበር። ቀብር የቤተሰብ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ ከተማዋ እጇን አስገብታበታለች። እንዲህ ያለ ሕዝብ ፊት ነው እንግዲህ ከተማውን ሊያቃጥል የመጣ ሰው ሬሳ የሚቀርበው። «ይቀበር» ማለት ያን ያህል ቀላል አልነበረም።

ሕጉም አለ። በአቴንስ ከሃዲ በአገሩ አፈር አይቀበርም። ክሬዎን ከመሬት ተነሥቶ የፈጠረው ጭካኔ አይደለም ማለት ነው። ልዩነቱን ግን በደንብ ያዙት። የአቴንስ ሕግ ከሃዲው በድንበሩ ውስጥ እንዳይቀበር ይከለክላል፤ ዘመዶቹ ከድንበር ውጭ ወስደው ከመቅበር አያግዳቸውም። ክሬዎን ግን ሬሳውን ሜዳ ላይ አስጥሎ ዘበኛ አቆመበት፤ ማንም እንዳይነካው ከለከለ። ተመልካቹ «እስከዚህ ድረስ ልክ ነህ፣ ከዚህ ግን አለፍክ» የሚልበት መስመር እዚያ ጋ ነው።

ሴቶቹን ደግሞ እዩ። በግሪክም ሬሳ አጥቦ፣ አልብሶ፣ አልቅሶ መሸኘት የሴቶች ሥራ ነበር። የአቴንስ ሕግ አውጪው ሶሎን በስድስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ባወጣው ሕግ ለቅሶን ገድቧል። ፊት መቧጨርንና የተጋነነ ዋይታን ከልክሏል። የሴት ድምፅ በአደባባይ የሚሰማበት ዋናው ጊዜ ለቅሶ ነበር፤ መንግሥትም ያን ድምፅ ይፈራው ነበር። አንቲጎኔ በክሬዎን ፊት ስትቆም ከኋላዋ ይህ ሁሉ አለ።

መድረኩ ለምን ቴቤስ ሆነ? ቴቤስ የአቴንስ ጎረቤትና ባላንጣ ናት። በፋርስ ጦርነት ጊዜ ከወራሪው ጋር ወግናለች። አቴናውያን የራሳቸውን ጭንቀት በሌላ ከተማ ላይ አስቀምጠው ሲመረምሩት ብዙም አይቆረቁራቸውም።

4. የክሬዎንን ንግግር ሁለት ጊዜ አንብቡ

ከመስመር 162 እስከ 210 ያለው ነው። መጀመሪያ ክሬዎንን እንደምትወዱት ሆናችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ምን ይላል? ከተማዋ መርከባችን ናት፤ እሷ ስትድን ነው ወዳጅነትም የሚኖረው ይላል። ከአገሩ ይልቅ ወዳጁን የሚያስቀድም ሰው ለእኔ ከቁጥር አይገባም ይላል። የእርስ በርስ ጦርነት ትናንት ያበቃበት ከተማ ነው። የሚናገረው አዲስ ገዢ ነው። ምን ስሕተት አለው?

ይህ የእኔ ማለሳለስ እንዳይመስላችሁ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ343፣ ታላቁ ተናጋሪ ዴሞስቴንስ ይህንኑ ንግግር በፍርድ ቤት አስነብቦ የአገር ፍቅር ምሳሌ አድርጎ ተጠቅሞበታል።

ከዚያ ለሁለተኛ ጊዜ አንብቡት። አሁን በእርሳስ የጎደለውን ፈልጉ። ስለ ሙታን መብት ምን አለ? ከሽማግሌዎቹ ምክር ጠይቋል ወይስ ትእዛዝ ነው የሰጠው? አማልክትን ያነሣል፤ ግን የትኞቹን? ከመሬት በታች ያሉትን ረስቷቸዋል። ውድቀቱ ሁሉ ገና ከዚህ ይጀምራል።

5. ጭብጡን በጥያቄ ጻፉት

«ጭብጡ ሕግ ነው»፣ «ጭብጡ ትዕቢት ነው» ብሎ መጻፍ የትም አያደርስም። አንድ ቃል ላይ ማንም አይከራከርም። በምትኩ ተውኔቱ ራሱ የሚጨነቅበትን ጥያቄ ጻፉ። ሬሳ የማን ነው፣ የቤተሰቡ ወይስ የመንግሥት? ንጉሥ ያወጀው ሁሉ ሕግ ነው? እውነት ይዞ እልኸኛ መሆን ይቻላል? ከዚያ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ዓምድ ሥሩ፤ በቀኝ የአንቲጎኔን፣ በግራ የክሬዎንን ቃል ከነመስመር ቁጥሩ አስፍሩ። አንዱ ዓምድ ባዶ ከሆነ ገና አላነበባችሁም።

ሦስት ቦታዎች ላይ ጊዜ ስጡ።

የመጀመሪያው ከ450 እስከ 470 ነው። አንቲጎኔ የአንተ አዋጅ ሟች ያወጣው ነው፤ ያልተጻፈውንና የማይሻረውን የአማልክት ሕግ ሊሽር አይችልም ትለዋለች። ድምፀቷንም አዳምጡ። እውነት ትናገራለች፤ ግን ለማግባባት አትናገርም። እኅቷን ኢስሜኔንም ቀደም ብላ በዚሁ አንደበት ገፍታታለች።

ሁለተኛው ከ635 እስከ 765 ያለው የአባትና የልጅ ክርክር ነው። ለእኔ ከተውኔቱ ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። ሄሞን «አባቴ፣ የአንተው ነኝ» ብሎ ይጀምራል። አባቱን ተሳስተሃል አይለውም። «ሕዝቡ በጨለማ እንዲህ ሲል ሰማሁ» ይላል። አባቱ ፊት እንዴት እንደሚናገር ያልተማረ የጎጃም ልጅ የለምና ይህን አካሄድ ወዲያው ትለዩታላችሁ። የራስን ሐሳብ በሰው አፍ ማቅረብ ነው። ክሬዎን ግን አይሰማም። ክርክሩ እየጋለ ሄዶ ልጁ በመጨረሻ የአንድ ሰው የሆነች ከተማ ከተማ አይደለችም ይለዋል። አክብሮቱ በየትኛው መስመር ላይ እንደተሰበረ ፈልጉ፤ የሰበረውስ ማን ነው?

ሦስተኛው ከ332 እስከ 375 ያለው የኮረሱ መዝሙር ነው። ሰው ባሕር ያቋርጣል፣ መሬት ያርሳል፣ ፈረስና በሬ ይገራል፣ ከተማ ያቀናል፤ ሞትን ብቻ አያመልጥም ይላል። ዋሸራ ወይም ዲማ ቅኔ ቤት የቆየ ሰው በመካከላችሁ ካለ ይህን ክፍል ለእሱ ስጡት። ጥቂት ቃል ላይ ለረጅም ጊዜ መቀመጥ ያውቃል። አንድ ነገር ግን ሁላችሁም ልብ በሉ። መዝሙሩ የአገሩን ሕግና የአማልክትን ፍርድ ያከበረ ከፍ ይላል፤ ያላከበረ አገር አልባ ይሆናል ብሎ ሲያበቃ፣ ዘበኛው አንቲጎኔን ይዞ ይገባል። አገር አልባው ማን ነው? ሶፎክልስ መልሱን አይነግረንም።

6. ሙሾውን ስሙ

ከ806 ጀምሮ አንቲጎኔ ከነሕይወቷ ወደምትዘጋበት ዋሻ ስትወሰድ ታለቅሳለች። አልቃሽ የላትም፤ የራሷን ሙሾ ራሷ ታወርዳለች። ሳላገባ፣ ሳልወልድ፣ መቃብሬ ጫጉላዬ ሆነ ትላለች። ይህን ክፍል በዓይን ብቻ አታንብቡት። አንዱ የእሷን፣ ሌሎቹ የሽማግሌዎቹን ክፍል ይዛችሁ በድምፅ ተቀባበሉት። ሙሾ የሚያወርዱ እናት ወይም አክስት ካሏችሁ፣ ሳያገባ ለሞተ ወጣት ምን እንደሚባል ጠይቋቸው። ቀድማችሁ ግን ለምን እንደምትጠይቁ ንገሯቸው፤ ያለ ለቅሶ ሙሾ ማውረድ የሚከብዳቸው አሉ።

የሽማግሌዎቹን መልስ ደግሞ ተመልከቱ። ያዝኑላታል፤ ግን ይገሥጿታልም። ብቻዋን ናት።

7. የሚያስቸግረውን ቦታ አትዝለሉት

ከ904 እስከ 920 አንቲጎኔ የማይጠበቅ ነገር ትናገራለች። ባል ቢሞትብኝ ሌላ ባል፣ ልጅ ቢሞትብኝ ሌላ ልጅ ይኖረኛል፤ ወላጆቼ ሞተዋልና ሌላ ወንድም ግን አላገኝም ትላለች። ለባል ወይም ለልጅ ሲሆን ይህን አላደርግም ነበር ማለቷ ነው። ታዲያ ያ ዘላለማዊ ሕግ ወዴት ሄደ? ጀርመናዊው ገጣሚ ጎተ ይህ ክፍል የሶፎክልስ አለመሆኑን አንድ ምሁር ቢያረጋግጥልኝ ብሎ ተመኝቷል። አርስቶትል ግን በዘመኑ የተውኔቱ ክፍል አድርጎ ጠቅሶታል። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቶስም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል የአንዲት ፋርሳዊት ሴት ታሪክ ጽፏል።

እኔ ንግግሩ በእርግጥም የእሷ ነው ባይ ነኝ። ሞት ደጃፍ ላይ የቆመች ወጣት በንጉሥ ፊት የተናገረችውን አትደግምም። የማይተካላትን አንድ ወንድም ታስባለች። እናንተ ሌላ ልትሉ ትችላላችሁ፤ ብቻ ምክንያታችሁን ጻፉ።

ሌላም የሚያከራክር ቦታ አለ። ዓይነ ስውሩ ነቢይ ቲሬሲያስ ካስጠነቀቀው በኋላ ክሬዎን ይመለሳል። ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ ልጅቷን አውጣ፣ ከዚያ ሬሳውን ቅበር ይሉታል። እሱ ግን መጀመሪያ ቀብሮ ከዚያ ወደ ዋሻው ይሄዳል። ሲደርስ ራሷን ሰቅላለች። ሄሞን በሰይፍ ራሱን ይወጋል። እናቱ ዩሪዲኬም ወሬውን ሰምታ ራሷን ታጠፋለች። ክሬዎን ለምን ቅደም ተከተሉን ገለበጠ? ለእኛ ሬሳ ማስቀደሙ ተገቢ ይመስላል። በሕይወት ያለችው ግን እየጠበቀች ነበር።

8. በላ ልበልሃ ተባባሉ

በቡድን ለምታጠኑ ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላውቅም። የጥንቱን የሙግት ሥርዓት ውሰዱ። አንዱ ለክሬዎን፣ ሌላው ለአንቲጎኔ ይቁም። ዳኛ ሰይሙ። ደንቡ አንድ ነው፦ ከተውኔቱ መስመር ያልጠቀሰ አይሰማም። ግማሽ ሰዓት ተሟግታችሁ ቦታ ተቀያየሩ። ለአንቲጎኔ የተከራከረው አሁን ለክሬዎን ይከራከር። ከተቀያየራችሁ በኋላ የሚመጣው ክርክር ነው የሚጠቅመው።

9. ከአገራችን ጋር ስታያይዙ ተጠንቀቁ

ማያያዝ ጥሩ ነው። ተውኔቱ የኖረው በየአገሩ እየተያያዘ ነው። ፈረንሳዊው ዣን አኑይ በ1944 እ.ኤ.አ. በጀርመን ወረራ ሥር በነበረችው ፓሪስ አዲስ «አንቲጎኔ» አሳይቷል። ኔልሰን ማንዴላ በሮበን ደሴት እስር ቤት ክሬዎንን ሆኖ ተጫውቷል።

ግን የሚመስለውን ሁሉ አንድ አታድርጉት። የጎጃም አንባቢ ፖሊኒከስን ሲያይ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሰቀለውን ደጃዝማች በላይ ዘለቀን ማሰቡ አይቀርም። መንግሥትና ጀግና፣ ውለታና ቅጣት ይገናኙበታል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። በላይ የውጭ ወራሪን የተዋጋ ነው፤ ፖሊኒከስ የውጭ ጦር በገዛ ከተማው ላይ ያመጣ ነው። ይህን ልዩነት ከዘለላችሁት የክሬዎን ጥያቄ ክብደቱን ያጣል።

ሃይማኖቱም ይለያያል። በእኛ ዘንድ ራስን ማጥፋት ከባድ ኃጢአት ነው። በተውኔቱ ሦስት ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ። በዚያ መለኪያ ብቻ ከፈረዳችሁባቸው የሶፎክልስን ጥያቄ ትታችሁ የራሳችሁን እየመለሳችሁ ነው። መጀመሪያ በእነሱ ዓለም ምን ማለት እንደነበር ጠይቁ፤ የእናንተን ፍርድ ለብቻው ጻፉት።

10. ጽሑፉን ስትጽፉ

ዳራውን በአንድ አንቀጽ መግቢያ ላይ ከምራችሁ አትርሱት። «ሶፎክልስ በአቴንስ ተወለደ» ብሎ ጀምሮ ከዚያ በኋላ አቴንስን የማያነሣ ጽሑፍ ብዙ ነው። እያንዳንዱን ታሪካዊ መረጃ ከአንድ መስመር ጋር አጋቡት። ለምሳሌ የከሃዲዎችን ሕግ ከክሬዎን አዋጅ፣ የሶሎንን ሕግ ከአንቲጎኔ ለቅሶ ጋር።

ዋና ሐሳባችሁ ሊከራከሩበት የሚቻል ይሁን። «ተውኔቱ ስለ ትዕቢት ያስተምራል» ማንም አይቃወመውም፤ ስለዚህ ምንም አይልም። «ክሬዎን የወደቀው ሕግ ስላስከበረ ሳይሆን፣ በንጉሥነቱ የአጎትነት ዕዳውን ስለሰረዘ ነው» ብትሉ ግን ማስረጃ መደርደር ግድ ይሆናል። አርስቶትል «ስለ ግጥም ጥበብ» ላይ ያነሣውን የመሳሳት፣ የመገልበጥና ዘግይቶ የማወቅ ሐሳብ ልትጠቀሙ ትችላላችሁ። እሱ የጻፈው ከተውኔቱ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነውና ሶፎክልስ ያን ደንብ ተከትሎ ጻፈ አትበሉ።

ቀጥሎ «ኤዲፐስ ንጉሥ»ን፣ ከዚያ «ኤዲፐስ በኮሎኖስ»ን አንብቡ። በታሪክ ቅደም ተከተል ከ«አንቲጎኔ» ይቀድማሉ፤ የተጻፉት ግን ከእሱ በኋላ ነው። የመጨረሻው መድረክ ላይ የወጣው በ401፣ ሶፎክልስ ከሞተ በኋላ ነው። ሦስቱ በአንድ ጊዜ የታቀዱ ተከታታይ ክፍሎች አይደሉም። ስለዚህ የክሬዎን ጠባይ ከአንዱ ወደ ሌላው ቢለዋወጥባችሁ አትደነቁ፤ በእያንዳንዱ ውስጥ እንደ አዲስ ሰው አጥኑት።